የሥዕል ክፍለ ጊዜ በማን ገንዘብ?



ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ ግቢ የልጆቻችን ትምህርት ጉዳይ ሲነሳ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ሲወረወር እሰማለሁ። «መንግሥት ከእኔ በሰበሰበው ግብር ለልጄ ሙዚቃና ድራማ አስተምርልኝ ብዬዋለሁን?» የሚል ነው። ጠያቂው ግብሩን በወቅቱ የሚከፍል፣ ሰው የሚያከብረው ነጋዴ ስለሆነ ንግግሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከጎኑ የቆመው ደግሞ ሃይማኖት ሳይጠቅስ «ልጆች ዴስክ አጥተው ተጨናንቀው በሚማሩበት አገር የቀለምና የከበሮ ወጪ ምን ይሉታል?» ይላል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ወንድማማች ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሕሊና፣ ሁለተኛው የቅደም ተከተል ጥያቄ ነው። ክርክራችን መቋጫ የሚያጣውም ሁለቱን እየቀላቀልን ስለምንናገር ይመስለኛል።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ይቀላልና። ዑለማዎቻችን የሰው ልጅን ጥቅሞች በሦስት ደረጃ ይከፍሏቸዋል። ዶሩሪያት ያለ እነርሱ ሕይወት የማይቆምባቸው፣ ሓጂያት ችግርን የሚያቃልሉ፣ ተሕሲኒያት ደግሞ ኑሮን የሚያሳምሩ ናቸው። ኢማም አል-ገዛሊ ያብራሩትን ይህን አከፋፈል ኢማም አሽ-ሻጢቢ በሰፊው ተንትነውታል። ታዲያ የእኛ ሰው ተሕሲኒያት የሚለውን ሲሰማ «ሲተርፍ የሚደረግ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሻጢቢ በዚህ ደረጃ ከሚያስቀምጧቸው መካከል ግን ንጽሕና፣ ሐፍረተ ገላን መሸፈንና የአመጋገብ ሥርዓት ይገኙበታል። እውን ንጽሕና ሲተርፍ የሚደረግ ነገር ነውን? እንዲያውም እኚሁ ዓሊም ሦስተኛው ደረጃ ጨርሶ ከተጣለ የመጀመሪያውም እንደሚናጋ ያስተምራሉ። ስለዚህ ሥዕልን ከሒሳብ በኋላ ማስቀመጥ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ከበጀት መሰረዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወጪውም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። እርሳስ፣ ከሰል፣ ሸክላ፣ ስንደዶና አክርማ ገንዘብ አያስጨርሱም፤ ውዱ ነገር የሠለጠነ መምህር ነው። ትምህርቱ ቀድሞ በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች «ኪነ ውበት» እየተባለ፣ በቅርቡ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «ክወናና እይታ ጥበባት» በሚል ስም በፕሮግራሙ ላይ ሰፍሯል። እኔ በማውቃቸው አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግን ክፍለ ጊዜው የሚሰጠው «ጊዜ ለተረፈው» መምህር ነው። እርሱም ወይ ሒሳብ ያካክስበታል፣ ወይ ልጆቹን ሜዳ ያሰማራበታል። እንግዲህ መንግሥት ጨርሶ እጁን ያንሳ ብንል የሚቀርበት ማን ነው? የባለጸጋው ልጅ በግል ትምህርት ቤት ይማረዋል፤ የሚቀርበት የሊስትሮውና የጉልት ቸርቻሪዋ ልጅ ነው። ታላቁ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ ተልኮ የተማረው በመንግሥት የትምህርት ዕድል ነበር። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሲያስተምር የከፈለው የሕዝብ ካዝና ነው። እነዚህን ሰዎች ዛሬ «የአገር ኩራት» ስንል ወጪያቸውን ማን እንደሸፈነ እንረሳለን።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። መሸፋፈን አያስፈልግም፤ በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ አብዛኞቹ የአራቱ መዝሀብ ፉቀሃእ ከልክለዋል። ኢብን ሐዝም ተቃውመዋቸዋል፤ አል-ገዛሊም በ«ኢሕያእ» ውስጥ ስለ መስማት (ሰማዕ) ራሱን የቻለ ክፍል ጽፈዋል። ሕይወት ያለውን ነገር መሣልም እንዲሁ አከራካሪ ነው። እኔ ሙፍቲ አይደለሁምና ፍርድ አልሰጥም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ነገር ለእኔ ሐራም መሆኑ ከጋራ ካዝና እንዳይከፈልለት የመከልከል መብት ይሰጠኛልን?

ይህን ሳስብ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ይታወሰኛል። በዚያን ቀን አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ፣ ብዙ ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ሲሰለፉ፣ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻችን በመንግሥት እንዲታወቁ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ በ1967 ዓ.ም. ዒዶቻችንና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ዛሬ በዒድ ቀን ሥራ ሲቆምና ደመወዝ ሳይቆረጥ ሲከፈል በዓሉ የማይመለከተው ክርስቲያን ግብር ከፋይም ድርሻውን እየከፈለ ነው። እርሱ «በማላምንበት ነገር ለምን እከፍላለሁ?» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ሁሉም የሚፈልገውን ብቻ እየመረጠ የሚከፍል ከሆነ የጋራ የሚባል ነገር አይኖርም። አባቶቻችንም ያን ዕለት የጠየቁት ድርሻቸውን እንጂ የሌላው እንዲነሳ አልነበረም።

ይሁንና ግብር መክፈልና ልጅን ማስገደድ በፍጹም አንድ አይደሉም። አንድ ልጅ ቤተሰቡ ሐራም ነው ብሎ ያሳደገውን መሣሪያ በውጤት አስፈራርቶ እንዲጫወት ማድረግ ሕሊናን መዳፈር ነው፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አይገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 እና በአንቀጽ 91 መንግሥት ኪነ ጥበባትን የማስፋፋትና የመደገፍ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። ይህ ሁለተኛው አንቀጽ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። የአንዱን ቤተ እምነት ዜማና ሥዕል ብቻ «የኢትዮጵያ ጥበብ» ብሎ ማስተማርን ይከለክላል። የእኛን ፈትዋ ለሌላው ልጅ የትምህርት ፕሮግራም ማድረግንም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ እኔን የሚነካኝ። ባለፈው ዓመት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ «የአገራችንን ቅርስ ሥላችሁ ኑ» ተብላ መጣች። የጓደኞቿ ወረቀት በሙሉ የአክሱም ሐውልትና ላሊበላ ነበር፤ እርሷም ሐውልቱን ጀመረች። ግድግዳው ላይ ከአያቷ የወረስነው የሐረር ስፌት ተሰቅሏል። «ይህንን ለምን አትሥይም?» ስላት ዞር ብላ አየችውና «የአያቴ ስፌት ቅርስ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከላሊበላ ጋር ጠብ የለኝም፤ የእኔም ነው። ነገር ግን የሐረር ቤት ግድግዳ አደራደር፣ የሐረር መጻሕፍት አጠራረዝ፣ የጅማው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ፣ በዐረብኛ ፊደል በዐማርኛ የተጻፈው የወሎ መንዙማ የት ነው የሚማሩት? ከእነዚህ አብዛኞቹ የመሣሪያ ክርክር የማያስነሱ ናቸው። (መንዙማ ላይ ድቤ ሲገባ ዑለማዎቻችን እንደገና እንደሚከራከሩ አልዘነጋሁም፤ ይከራከሩ!)

ደግሞስ እኛ ሐበሾች ስለ ጨዋታና ስለ ድምፅ ስናወራ ባዕድ አይደለንም። በዒድ ቀን በመዲናው መስጊድ ውስጥ ጦርና ጋሻ ይዘው ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ከኋላቸው አቁመው እንድታይ ያደረጉት የሐበሾችን ጨዋታ ነው። አዛንን በሕልሙ ላየው ሶሓባ ቃሉን ለቢላል እንዲያስተምር ያዘዙትም የቢላል ድምፅ ያማረ ስለነበር ነው።

«እንግዲያው ባለሀብቶቻችን ይክፈሉ፣ ወቅፍ ይቋቋም» የሚል አይጠፋም። መልካም፣ ይቋቋም። ነገር ግን በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የብራና ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችንና አልባሳትን በግል ጥረታቸው ሰብስበው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በመኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም ከከፈቱ በኋላ፣ ስብስቡ ሰፊ ቦታ ያገኘው የቀድሞው የራስ መኮንን ቤት ሲሰጣቸው ነው። የግል ትጋት የጀመረውን ማቆየት የቻለው የሕዝብ ቤት ነበር። ከዚያም በላይ ወቅፍ የሚያስተምረው ወደ ወቅፉ የመጣውን ልጅ ነው። የክርስቲያኑ ልጅ የእኛን ስፌት፣ የእኛ ልጅ የእነርሱን ብራና የሚያየው በአንድ የመንግሥት ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ብቻ ነው።

በሰፈራችን ስፌት የሚሰፉ ሁለት እናቶች አሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው እጃቸውን ለልጆቹ ቢያሳዩ ለድካማቸው አበል ከየት ይከፈላል ብዬ ርዕሰ መምህሩን ጠይቄ ነበር። በትሕትና አስተናግደውኝ መዝገባቸውን አገላብጠው «ለስፖርት አለ፣ ለጽዳት አለ፣ ለዚህ የተያዘ በጀት የለም» አሉኝ። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ጥያቄውን በጽሑፍ አቀርባለሁ ኢንሻ አላህ፤ ከመስጊዱ ግቢ ተከራካሪዎችም ሁለቱ ሊፈርሙልኝ ተስማምተዋል። ነጋዴው ገና እያሰበበት ነው።