ውኃው የት ሄደ?

በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ የሴንት ጆሴፍ ወንዝ ታጥፎ ወደ ሰሜን በሚመለስበት ቦታ፣ ሳውዝ ቤንድ የምትባል ከተማ አለች። ስሟንም ያገኘችው ከዚያው ከመታጠፊያው ነው። ስቱድቤከር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1852 በጋሪ ጀምሮ ኋላ መኪና እየሠራ ከተማዋን ሲያበላት ኖረና፣ በ1963 መገባደጃ ፋብሪካውን ዘጋ። ሠራተኛ እንጀራውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ቤት ግን እግር የለውም። በ1960 ከ130 ሺህ በላይ ሰው የነበራት ከተማ በ2010 ወደ 101 ሺህ ወርዳ ተገኘች። ባዶ ቤት ስለ በዛ፣ ከንቲባው ፒት ቡቲጄጅ በ2013 «በአንድ ሺህ ቀን አንድ ሺህ ቤት ወይ እናድሳለን ወይ እናፈርሳለን» ብሎ ተነሣ። ከታደሰው የፈረሰው በዛ።

ሳይፈርሱ ከቀሩት ሁለቱን፣ ጎን ለጎን የቆሙትን፣ ሁለት የሐበሻ ወንድማማቾች ገዙ እንበል። ቺካጎ ታክሲ ሲነዱ፣ ያገኙትን ኪራይ ሲበላባቸው ኖረው፣ ዕቁብ የወጣላቸው ዓመት በባቡር መጥተው ያዩዋቸው ቤቶች ናቸው። በ1920ዎቹ የተሠሩ የእንጨት ቤቶች፣ በረንዳቸው ያዘመመ፣ እያንዳንዳቸው 38 ሺህ ዶላር። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቢዘረጋ ይሞላዋል።

ታናሹ ሰው ወዳድ ነው። ቁልፍ በተቀበለ በሳምንቱ ግድግዳውን ነጭ አስቀባ፣ ወጥ ቤቱን ግራናይት አለበሰ፣ ምድር ቤቱ ላይ ምንጣፍ አነጠፈና ቡና አፍልቶ ቤቱን አስመረቀ። እንግዳው ሁሉ «ቤተ መንግሥት ነው እኮ!» እያለ በላ፣ ጠጣ።

ታላቁ አንድ ብሩሽ ቀለም እንኳ አላነሣም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጃንጥላ ይዞ ቤቱን ይዞራል። ሚስቱ «ሰው ከዝናብ ለመሸሽ ቤት ይገዛል፤ አንተ ዝናብ ለማየት ገዛህ» ትለው ነበር። እውነት አላት፤ ቤቱ ውስጥም ሥራ ሞልቷል። በግድግዳው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በሸክላ ማያያዣ ላይ የተወጠረ የጥንት ሽቦ ነው። ምጣድ ሲሰካ የቤቱ መብራት ሁሉ ድርግም ይላል። በጨለማ እንጀራ የጋገረች ሴት ብታማርር አይፈረድባትም።

ታላቁ ግን የፈለገውን፣ የውኃውን መግቢያ፣ አገኘ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውኃው በአንድ ጥግ ይወርዳል፤ አፈሩም ወደ ቤቱ ያዘነብላል። አንድ መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,500 ሊትር ውኃ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ጥግ ቢሰርግ የምድር ቤቱ ግድግዳ ቢያልበው ምን ይገርማል? አሸንዳውን ጠረገ፣ መውረጃውን ቧንቧ አስረዘመ፣ አፈሩን ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ደለደለ። ምድር ቤቱ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ነው የቆየውን ቀለም መፋቅ የጀመረው፤ እሱንም ውኃ እየረጨ፣ ምክንያቱም ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ቀለም ውስጥ የእርሳስ ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ ብናኙ ለልጅ መርዝ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ታሪኩ የጉንዳንና የፌንጣ ተረት ይሆን ነበር። ያንን ተረት አልወደውም፤ ተራኪው ሁልጊዜ የጉንዳኑ ዘመድ ነው።

በሚያዝያ በረዶው ቀልጦ ዝናቡ ሲበረታ የታናሹ ምድር ቤት ውኃ ሞላ። ምንጣፉ ረጠበ፣ ነጩ ግድግዳ ሻገተ። ታላቁ ከደረጃው ላይ ቆሞ አየና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለው። ተረቱ ልክ ነበር፤ ሰዓቱ ግን አልነበረም። ታናሹ «እሺ ጋሼ» ብሎ ባልዲውን አነሣ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። ባላቸው ስቱድቤከር ሲዘጋ ሥራ ያጡ ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲለቅ እሳቸው አልለቀቁም። ወንድማማቾቹ «እማማ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ትርጉሙን ጠይቀው ወደውታል። በዚያው ሳምንት፣ ዝናቡ እየጣለ፣ ታላቁን ወደ በረንዳቸው ጠሩት።

«ከቤትህ ያስወጣኸው ውኃ የት ሄደ?» አሉት።

ዞሮ አየ። ያስረዘመው ቧንቧ አፉን የከፈተው በወንድሙ ግድግዳ ሥር ነው። የደለደለውም አፈር ወደዚያው ያዘቀዝቃል። አምስት ወር ጃንጥላ ይዞ ሲዞር የዞረው የራሱን ቤት ብቻ ነበር።

እርግጥ የታናሹም አሸንዳ ተደፍኖ ነበር፤ ጥፋቱ በሙሉ የታላቁ አይደለም። ታላቁ ግን ይህን አላነሣም። ጃንጥላውን እማማ በረንዳ ላይ ረስቶ፣ እየዘነበበት ተሻግሮ ምድር ቤት ወረደ። «ቧንቧው የኔ ነው» አለ። ታናሹ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ «ባልዲ ሌላም አለ፣ ከደረጃው ሥር» አለው።

ቦዩን የቆፈሩት በጋራ ነው። በአሜሪካ አካፋ ከማንሣት በፊት 811 ይደወላል፤ የጋዝና የመብራት መስመር የሚያልፍበትን መጥተው በቀለም ያመለክታሉ፣ ክፍያ የለውም። ምልክቱ ከተደረገ በኋላ የሁለቱንም ቤት አሸንዳ የሚቀበል አንድ ቧንቧ በመካከሉ ቀብረው፣ ውኃውን ከጓሮው ጫፍ ዝቅ ወዳለው ሣር አወጡት። ወጪው 340 ዶላር ነበር፤ እኩል ተካፈሉት።

ግራናይቱ አሁንም አለ፣ እንግዳም አልቀረም። የታናሹን ቤት ሽቦ የቀድሞው ባለቤት ለውጦት ስለነበር፣ የታላቁ ቤት ሽቦ እስኪቀየር ድረስ የታላቁ ሚስት እንጀራዋን የጋገረችው በዚያው በግራናይቱ ወጥ ቤት ነው። የቦዩ ርዝመት 22 እርምጃ ነው። ቁፋሮው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ።