ነፃ ጠላም ይቀመሳል

ኅዳር 12 ቀን ከየካ ሚካኤል ቅዳሴ ወጥተን፣ ሽቅብ ዳገቱን ይዘን ከማኅበራችን ተረኛ ቤት ገባን። አሳላፊዋ ጠላውን ከመቅዳቷ በፊት ከማንቆርቆሪያው ወደ መዳፏ ጠብ አድርጋ ፉት አለች፤ ከዚያ ቀዳችልን። ዝክር የበላ ሒሳብ አይጠየቅም። ደጋሿም ከማናችንም ሳንቲም አልተቀበለችም። ታዲያ መቅመሱ ስለ ምን ነው? ምንም ያልሸጠ ሰው ዕዳው ምንድን ነው?

እንጀራዬ ከኮምፒውተር ነውና ጥያቄው ወደ ሥራዬ ወሰደኝ። ኦፕን ሶርስ የምንለው ሶፍትዌር ዝክር ይመስላል፤ ኮዱ ለሁሉ ክፍት ነው፣ የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል። ፈቃዱ ግን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፦ እንዳለ ውሰዱት፣ ቢበላሽ ዋስትና የለውም። ስለዚህ «በነፃ ወስደህ፣ ለምን በደንብ አልተፈተሸም፣ ለምንስ አልተጠገነልኝም ማለት አትችልም» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ብርቱ ነው። ሌሊቱን ሠርቶ ያካፈለ በጎ ፈቃደኛ በማካፈሉ ብቻ ባለዕዳ ከሆነ፣ ነገ የሚያካፍል አይገኝም።

ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚያስቀረው ክስን ነው፤ ኅሊናን አያስቀርም። «ይህ የተረጋጋ ስሪት ነው» ብሎ የለቀቀ ሰው ከኮዱ ጋር ቃሉንም ሰጥቷል። ሳይቀምስ ቀምሻለሁ ካለ፣ ስጦታው ነፃ መሆኑ ውሸቱን እውነት አያደርገውም። እንግዲህ የሰጪው ዕዳ ሁለት ነው፦ የፈተሸውንና ያልፈተሸውን ለይቶ መናገር፣ እስከ መቼ አብሮ እንደሚቆይም ማሳወቅ። ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ማኅበረሰብ ይህን ያደርጋል። አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ ያልተረጋጋ ወደሚባለው ክፍል ይገባል፣ ቀጥሎ በመፈተሻው ያልፋል፣ የተረጋጋው ዘንድ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። የተረጋጋ ስሪት 3 ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያም 2 ዓመት የተራዘመ ጥገና አለው። ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን ስለሚታወቅ፣ ሳይዘጋጅ የደረሰበት ሰው የሚወቅሰው ራሱን ነው።

ቅምሻ ምን ያህል እንደሚያድን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በዚያው ባልተረጋጋው ክፍል ላይ ሌላ ነገር ሲሞክር፣ በርቀት ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ምክንያቱን ሲከታተል፣ ኤክስዜድ በተባለ የፋይል ማመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የተሸሸገ የጓሮ በር አገኘ። የተረጋጋው የዴቢያን ስሪት ገና አልተነካም ነበር።

በሩ እንዴት ተከፈተ? ኤክስዜድን ለዓመታት የጠበቀው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። «ዘገየህ፣ ለሌላ ልቀቅ» የሚሉ ወተወቱት፤ ረዳት መስሎ የቀረበው ሰው ቀስ በቀስ ሥልጣኑን ተረከበ። በማኅበር ጽዋው ከተረኛ ወደ ተረኛ ሲሻገር በካህኑ ፊት፣ ሁሉ እያየ ነው፤ ተረካቢው የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። የኤክስዜድን ጽዋ የተቀበለውን ግን ከስሙ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሸክሙን ሳይጋሩ ተሸካሚውን ማጣደፍ ድጋፍን አያመጣም፤ ድካሙን ለሚጠቀምበት ሌባ ያመቻቻል።

እንግዲያስ ተቀባዩም ድርሻ አለው። ጤና ሚኒስቴራችን የሚገለገልበትን ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ክፍት የጤና መረጃ ሶፍትዌር የሚያለማው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያለ ማዕከል ነው፤ በመደበኛነት የሚደግፈውም የቅርብ ጊዜዎቹን 3 ስሪቶች ነው። ሶፍትዌሩ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠርም ይሠራል። ነገር ግን በ4 ዓመት አንዴ የምትመጣው ጳጉሜን 6 ለኦስሎው ፕሮግራመር በኮድ ውስጥ ያለች ቁጥር ናት፤ ለእኛ ጤና ጣቢያ ሕፃን የሚወለድባት፣ ክትባት የሚሰጥባት ቀን ናት። ጳጉሜንን ከሚኖርባት ይልቅ ማን ሊፈትሻት ይችላል? ሰጪው በደጁ ያለውን ይቀምሳል፤ በእኛ መብራት፣ በእኛ ኔትወርክ፣ በእኛ ቀን መቁጠሪያ የሚሆነውን መቅመስ የእኛ ፈንታ ነው። አዲሱን ስሪት በሌላ ሰርቨር ሳይሞክሩ በቀጥታ ሥራ ላይ ማዋል፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ነው።

«ድሃ አገር ለቀማሽ የሚሆን ገንዘብ ከየት ታመጣለች?» የሚል ይኖራል። ከዚያው ከነፃው ነገር ታመጣለች። ለፈቃድ ያልተከፈለውን ብር ትርፍ አድርገን ስለቆጠርነው እንጂ፣ የቀማሽ ደሞዝ እሱ ነበር።

ያን ዕለት ብርሌዬን አጋብቼ ሳስቀምጥ ተራዬ መጋቢት 12 መሆኑ ተነገረኝ። የጠጣሁት በነፃ ነው፤ ጌሾውን ግን ከአሁኑ ማሰብ ጀምሬያለሁ።