የገላ ምልክትና የኪነ ጥበብ ሐቀኝነት

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1631 ገደማ በመዳብ ላይ ቀርጾ በወረቀት ያተማት አንዲት ራቁት ሴት አለች። ጉብታ ላይ ተቀምጣለች፤ ሆዷ ረግቧል፤ የካልሲ ማሰሪያ የተወው ሰንበር እግሯ ላይ ይታያል። ሠዓሊው ካረፈ ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1681፣ አንድሪስ ፔልስ የተባለ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ስለ ቴአትር በጻፈው ረጅም ግጥም ውስጥ ሬምብራንትን አጥብቆ ወቀሰው። የግሪክን ቬነስ ትቶ ልብስ አጣቢ ሴትን ለሞዴልነት መምረጡን፣ የላላ ጡትን፣ የወገብ ማጥበቂያ ክርና የካልሲ ማሰሪያ ያወጡትን ሰንበር ሳይቀር መሣሉን እንደ ነውር ቆጠረበት። ወቃሹ የሙያ ባልደረባዬ መሆኑ ያሳስበኛል፤ እኔም ያንኑ በደል ፈጽሜአለሁና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባዘጋጀሁት ተውኔት መሪዋ ገጸ ባሕርይ ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ነበረች። ለማስታወቂያው በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ተዋናይቷ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ የታጠበውን ታሰጣለች። ከብብቷ ወደ ክንዷ የወጣው ሸንተረር በግልጽ ይታያል። ፎቶግራፉን ለሚያሰናዳው ወጣት «አጥፋው» አልኩት፤ በደቂቃዎች ውስጥ አጠፋው። ተዋናይቷ የታተመውን ባየች ጊዜ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ ይህ ክንድ የማን ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

ለመሆኑ ያጠፋሁት ምን ነበር? ሸንተረር ማለት ቆዳ በፍጥነት ከዐቅሙ በላይ ሲለጠጥ ውስጠኛው ሽፋን ተሰንጥቆ ሲጠግን የሚቀር ጠባሳ ነው። በእርግዝና፣ በጉርምስና ዕድገት፣ በድንገተኛ ውፍረት ይመጣል፤ ወንዶችንም አይምርም። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ለረጅም ጊዜ መቀባትም ያስከትለዋል። ሴሉላይት የሚባለው የጭንና የዳሌ ቆዳ መጎድጎድ ደግሞ ቆዳን ወደ ታች ይዘው በሚስቡ ክሮች መካከል ያለው ስብ ወደ ላይ ሲገፋ የሚፈጠር መልክ ነው። ለአካለ መጠን በደረሱ በአብዛኞቹ ሴቶች፣ በቀጭኖቹም ጭምር፣ ይገኛል፤ በሽታም አይደለም። ይሁንና ቮግ የተባለው የፋሽን መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1968 ቃሉን ለአሜሪካ አንባቢያን ሲያስተዋውቅ ሊወገድ የሚገባ ስብ አድርጎ አቀረበው። መልኩ ስም ወጣለት፤ ስም የወጣለት ጉድለትም ገበያ አገኘ።

ገበያው የሚሰጠው ተስፋ ግን ከውጤቱ ይበልጣል። በኮኮዋ ቅቤና በወይራ ዘይት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሸንተረርን እንደማይከላከሉ አሳይተዋል። ትሬቲኖይን የተባለው ቅባትና የሌዘር ሕክምና አዲሱን ሸንተረር ሊያደበዝዙ ይችላሉ፤ ጨርሶ የሚያጠፋው ግን የለም። ትሬቲኖይንን ነፍሰ ጡር ልትቀባው አይገባም። ለሴሉላይት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የተፈቀደውን አንድ መርፌ፣ በሚያስከትለው የቆዳ መበለዝና የቀለም ለውጥ ስጋት ሳቢያ፣ አምራቹ ራሱ በ2022 መጨረሻ ሽያጩን ለማቆም ወሰነ። ሸንተረርን ያለ ክፍያ የሚያደበዝዘው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው የሕክምና መሆኑ ቀርቶ የሥነ ምግባር ይሆናል። ሸንተረሯን ለማደብዘዝ የምትሻ ሴት ጥፋተኛ ናትን? በበኩሌ አይደለችም እላለሁ። ኩልንና እንሶስላን ያልነቀፈ ኅብረተሰብ ይህን የሚነቅፍበት ምክንያት የለውም፤ እውነቱን ዐውቃ ትወስን እንጂ ገላዋ የራሷ ነው። በራስ ቆዳ ላይ መወሰንና ከሌላው ቆዳ ላይ ኑሮውን መፋቅ ግን ለየቅል ናቸው። እኔ ተዋናይቷን አላስፈቀድኳትም። ከዚህም የከፋው፣ ማስታወቂያውን በየመንገዱ ያዩ እናቶች «ልብስ አጣቢዋ እንኳ እንከን የላትም፤ ጉድለቱ የእኔ ብቻ ነው» ብለው እንዲያልፉ ምክንያት ሆኛለሁ።

የእኛን የገጣሚዎችን አድልዎ ተመልከቱ። የአገሩን ጋራና ሸንተረር ያላወደሰ ብዕር ጥቂት ነው፤ ያው ቃል በእናት ሆድ ላይ ሲውል ግን ዐይናችንን እንመልሳለን። የጉንጭ ስርጉድ ይዘፈንለታል፤ የጭን ስርጉድ ይታፈርበታል። አበው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ሲሉ አንድ ማኅፀን የማይመሳሰሉ ልጆችን ማፍራቱን ማመልከታቸው ነው። ሆዱ በውጭም ዥንጉርጉር መሆኑን ግን ብዙ የወለዱ ያውቃሉ።

ተውኔቱ ዳግመኛ ለመድረክ ሲበቃ አዲሱን ፎቶግራፍ ከማሳተሜ በፊት ለተዋናይቷ አሳየኋት። ሸንተረሩ እንዳለ እንዲቀር ፈቀደች። «ይህን ሽበት ግን አጥፉልኝ» አለች፤ አጠፋንላት። በዚህም ትንሽ ሐሰት እንዳለበት አልክድም። የመረጠችው ግን የገላው ባለቤት ናት።