ስለ ገቢ ማስረጃ፤ እውነተኛ ቍጥር ሐሰተኛ ምስክር ሊሆን ይችላልን?

በዚህ ዘመን በኢንተርኔት ከሚሠሩት የንግድ ሥራዎች አንዱ አፊሊየት ማርኬቲንግ የሚባለው ነው። ይኸውም አንድ ሰው የራሱ ያልሆነውን ዕቃ ለሌሎች አስተዋውቆ፥ እርሱ በሰጠው ሊንክ ገብተው የገዙ ሲኖሩ ከሻጩ ኮሚሽን የሚቀበልበት ሥራ ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን አሠራር የጀመረው በ1996 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ሥራው በራሱ ነውር የለበትም፤ ደላላ ከጥንት ጀምሮ ገዢንና ሻጭን ሲያገናኝ ኖሮአል፥ ለድካሙም ዋጋ ተቀብሎአል።

ነገር ግን ከዚህ ሥራ ጎን ሌላ ሥራ በቅሎአል። እርሱም ዕቃ መሸጥ ሳይሆን፥ «እንዴት እንደሚከበርበት አስተምራችኋለሁ» እያሉ ትምህርቱን መሸጥ ነው። የዚህ የሁለተኛው ንግድ ዋነኛ መሣሪያ የገቢ ማስረጃ የሚሉት ሥዕል ነው፤ የኮሚሽኑ ወይም የባንኩ ሒሳብ በስልክ ላይ ሲታይ የተነሣ ስክሪንሹት ማለት ነው። «በዚህ ወር 10,000 ዶላር ገባልኝ፤ አንተም ትችላለህ» ይላል። ሥዕሉ ተፈብርኮ ከሆነ ነገሩ አያከራክርም፤ ውሸት ነው፥ ስርቆትም ነው፤ በዚያ ላይ ቀለም ማፍሰስ አያሻም። የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ሥዕሉ እውነተኛ ቢሆንስ? ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢሆንስ? እውነትን ያሳየ ሰው በሐሰት መስክሮአል ሊባል ይቻላልን?

ሻጩ ስለ ራሱ ሲከራከር እንዲህ ይላል። «ያልሆነውን አልተናገርሁም፤ ያገኘሁትን አሳየሁ። አንባቢው ዐይንና ልቡና አለው፤ ሁሉም እንደ እኔ ያገኛል ብዬ አልማልሁም።» ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፥ በችኰላም ሊጣል አይገባውም። ሰው የሌላውን ስንፍናና ስስት ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ደግሞም ስለ ሥራው ፍሬ ጨርሶ አትናገር ብንለው፥ በቅንነት የሚያስተምረውንም ሰው አፍ መዝጋታችን ነው። አናጢ ተማሪ ሲቀበል የሠራውን ወንበር ያሳይ የለምን?

ይሁን እንጂ ወንበርና የገንዘብ ሥዕል አንድ አይደሉም። ወንበሩን ያየ ሰው ሊቀመጥበትና ሊነቀንቀው ይችላል፤ ያየውም የሥራውን ፍሬ ሙሉውን ነው። የሒሳብ ሥዕል ያየ ሰው ግን ያየው አንዱን መስመር ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል እንቍጠር። ሰውየው ያን 10,000 ዶላር ለማግኘት ለማስታወቂያ 7,500 ከፍሎ ይሆናል። ከገዙት አንዳንዶቹ ዕቃውን መልሰው ከኮሚሽኑ 1,200 ተቀንሶ ይሆናል። ለረዳትና ለኮምፒዩተር ፕሮግራም 500 ወጥቶ ይሆናል። የቀረው 800 ነው፥ ግብርም ገና አልተከፈለበትም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሥዕሉ አልዋሸም። ወሩም ከ12ቱ ወራት ተመርጦ የወጣ ይሆናል። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ገንዘቡ የመጣው አስተምራለሁ ከሚለው ሥራ ሳይሆን፥ ትምህርቱን ከገዙት ሰዎች ኪስ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ተማሪው በመምህሩ ሀብት ሲደነቅ፥ የሚያየው የራሱንና የባልንጀሮቹን ገንዘብ መሆኑን አያውቅም።

የእህል ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቶሎ ያስተውለዋል። ነጋዴው ከጆንያው አፍ ላይ ንጹሑን ጤፍ በእፍኙ ዘግኖ ያሳያል። በእፍኙ ያለው በእርግጥ ጤፍ ነው፥ በእርግጥም ከዚያው ጆንያ የወጣ ነው። ገዢው ግን የሚገዛው እፍኙን አይደለም። እፍኙ የሚታየው ስለ ጆንያው እንዲመሰክር ነው፤ ስለዚህ ሙግቱ «እፍኙ ጤፍ ነውን?» የሚል ሳይሆን፥ «ጆንያው እንደ እፍኙ ነውን?» የሚል ነው። ማስረጃ የሚለው ስም ራሱ ይህን ይናገራል፤ ማስረጃ ሁልጊዜ የሌላ ነገር ማስረጃ ነውና። «ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ» ለማለት ብቻ ከሆነ፥ የባንክ ሒሳቡን ለማያውቀው ሰው ማሳየት ምን ይረባዋል?

የአሜሪካ ሕግ ወደዚህ አሳብ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። በ1914 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፥ አታላይ የሆነ የንግድ ሥራን የመከልከል ሥልጣን የተሰጠው በ1938 ነው። በ1983 ባወጣው መግለጫም፥ ማታለል በተነገረው ብቻ ሳይሆን ሊነገር ሲገባው በተተወውም ነገር እንደሚፈጸም፥ ሚዛኑም ማስታወቂያው በመጠኑ አስተዋይ በሆነ ገዢ ልብ የሚያሳድረው አሳብ እንደ ሆነ አስታወቀ። ሻጩ ሊያታልል አስቦ ነበርን ተብሎ መመርመሩም ግድ አይደለም። ያ የኅሊናው ጉዳይ ነው፥ ዳኛው እርሱ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን የማሳሰቢያው ታሪክ ነው። በ1980 በወጣው የምስክርነት ማስታወቂያ መመሪያ መሠረት፥ ከሌሎች የበለጠ ውጤት ያገኘ ሰው ምስክርነት ሲታተም፥ ከግርጌው «ይህ ውጤት የተለመደ አይደለም» ብሎ መጻፍ ለሻጩ መሸሸጊያ ይሆነው ነበር። ሻጮችም ትልቁን ቍጥር በትልቅ ፊደል፥ ማሳሰቢያውን በደቃቅ ፊደል ማውጣትን ለመዱ። ኮሚሽኑ ገዢዎችን አስጠይቆ ባስመረመረ ጊዜ፥ እንዲህ ያለው ቃል የሰውን ግምት እንደማያርም ተረዳ፤ ስለዚህ በ2009 መመሪያውን አሻሽሎ ያን መሸሸጊያ አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ ልዩ ውጤትን እንደ ተራ ውጤት አድርጎ የሚያሳይ ሻጭ፥ ሌሎቹ እንደ ወትሮው የሚያገኙትን በግልጥ መናገር አለበት። ኮሚሽን የሚቀበልም ሰው መቀበሉን እንዲያስታውቅ ያስፈልጋል። መመሪያው በ2023 እንደ ገና ታድሶአል።

በ2012 በሥራ ላይ የዋለው የንግድ ዕድል ሽያጭ ደንብ ደግሞ፥ ሻጮችን ሁሉ የሚገዛ ባይሆንም፥ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ስለ ገቢ የሚናገር ሻጭ ያን ያህል ያገኙት ገዢዎች ስንት እንደ ሆኑ፥ ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ፥ በየትኛውም ጊዜ እንዳገኙት ገንዘብ ከመቀበሉ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲሰጥ፥ ሲጠየቅም ማረጋገጫውን እንዲያቀርብ ያዝዛል። እኔ ከሁሉ ይልቅ ይህን 7 ቀን እወድደዋለሁ። ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ከሚስቱ ጋር ለመመካከር ይበቃዋል፤ «ዛሬ ካልገባህ በሩ ይዘጋል» የሚለውም ሻጭ የሚፈራው ይህንኑ ነው።

በ2018 ኮሚሽኑ ማይ ኦንላይን ቢዝነስ ኤጁኬሽን የተባለውን ድርጅት ከሰሰ። እንደ ክሱ ቃል፥ ሰዎች 49 ዶላር ከፍለው 21 ደረጃ ያለውን ትምህርት ይጀምሩና፥ እየቈዩ በብዙ ሺህ ዶላር ወደሚሸጡ አባልነቶች እንዲወጡ ይገፋፉ ነበር፤ የተመሰገነውም ዘዴ ያንኑ ትምህርት ለሌሎች ሸጦ ኮሚሽን መቀበል ነበር። የተሰበሰበው ገንዘብ ከ125 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ኮሚሽኑ ተናገረ። በ2021 ደግሞ ስለ ገቢ የሚነገር ሐሰተኛ ቃል መቀጫ እንደሚያስከትል ለማስጠንቀቅ ከ1,100 ለሚበልጡ ድርጅቶች ደብዳቤ ላከ።

እንግዲህ ሕጉ ቍጥር አውጡ ካለ፥ ቍጥር ማውጣት ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። በ2024 የኮሚሽኑ ሠራተኞች፥ የዚህ ሥራ ዘመድ የሆኑት የኔትወርክ ሽያጭ ድርጅቶች ያወጡአቸውን 70 የገቢ መግለጫዎች መርምረው ነበር። ብዙዎቹ መግለጫዎች ምንም ያላገኙትን ሰዎች ከቍጥሩ አስወጥተዋል፥ የአባላቱንም ወጪ አላሰቡም። ቍጥሮቹ በትክክል ሲነበቡ ግን፥ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች በዓመት ያገኙት 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው። ሠንጠረዡ ነበረ፥ እውነቱም በውስጡ ነበረ፤ የተሠራው ግን እንዳይገኝ ሆኖ ነው።

ይህ ብልሃት በኢንተርኔት የተወለደ እንዳይመስለን። ማርቲን ሉተር በ1524 ስለ ንግድና ስለ አራጣ በጻፈው መጽሐፍ፥ ያማረውን ዕቃ ከላይና ከታች አድርገው የከፋውን ከመካከል የሚሸጉጡትን፥ ክብደት እንዲጨምርላቸውም ቍንዶ በርበሬና ዝንጅብል በእርጥብ ጓዳ የሚያኖሩትን ነጋዴዎች ወቅሶአል። በእርጥበት የከበደ ዝንጅብል ዝንጅብል መሆኑን አልተወም፤ ሚዛኑም ያነበበው በትክክል ነው። ሉተር ይህን የሻጩ ብልጠት ነው ብሎ አላለፈውም፤ ሻጭ ነጻነቱን የሚሠራበት በባልንጀራው ላይ ስለ ሆነ ለነጻነቱ ወሰን አደረገለት።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» እያለ የሚጽናና ሻጭ፥ ሞኝ የሚለው ማንን እንደ ሆነ ይመልከት። በዋሽንግተን አካባቢ ቀን መኪና እየነዳ ሌሊት ሕንፃ የሚጠብቅ ወገናችን፥ ይህን ሥዕል በቴሌግራም ሲቀበል የላከለት ብዙ ጊዜ የአገሩ ልጅ ነው፥ ምናልባትም አብሮት የሚዘምር ነው። የሚያምነው ቍጥሩን አይደለም፤ የላከውን ሰው ነው። የላከውም ሰው ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ከሌላ ተቀብሎ ያስተላለፈ ነው፤ ያላየውን ሒሳብ እንዳየ ሆኖ ይመሰክራል፥ ስለ ምስክርነቱም ኮሚሽን ይቀበላል። ምስክር ሆኖ የሚከፈለው ሰው በየትኛውም ሸንጎ ይጠረጠራል፤ በቴሌግራም ግን ወንድሜ ይባላል። ሽማግሌዎቻችን በማኅበር መገናኛችን ላይ እንዲህ ያለውን ሥዕል ባይፈቅዱ፥ ማንንም በደሉ አልልም።

«ሁሉን ከተናገርሁ ማን ይገዛኛል?» የሚል ይኖራል። የሚገዛው ያንሳል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም እንዲህ ብሎ መጻፍ ይችላል፤ «ባለፉት 12 ወራት ከዚህ ሥራ 24,000 ዶላር ገባልኝ፥ 19,000 ወጪ ሆነ። ከገባው 15,000 የመጣው ይህን ትምህርት ከገዙት ሰዎች ነው። ትምህርቱን 60 ሰዎች ገዝተዋል፤ ወጪያቸውን የመለሱት 4 ናቸው፥ ከ21ዱ ወሬ አልሰማሁም። አንተ ከገዛህ እኔ 100 ዶላር አገኛለሁ።» ይህን በትልቁ ፊደል ጽፎ የሚሸጥ ሰው ቢገኝ፥ ልገዛው ባልችልም እንኳ ተቀምጬ የሚያስተምረውን እሰማለሁ።