ማንም ባያውቅልህ ትሄድ ነበር?



ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ጫማዬን ስፈልግ አንድ የሰፈራችን ልጅ ጠጋ አለኝ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፏል፤ የደረሰው ዩኒቨርሲቲ ግን ሩቅ ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው። እሱ ደግሞ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው። «ልሂድ ወይስ ልቅር? አላህ ዘንድ የሚወደደው የቱ ነው?» አለኝ።

ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ «ዩኒቨርሲቲ መግባትህን ማንም ባያውቅ፣ ዘመድ እንኳን ደስ አለህ ባይልህ፣ በገዋን የምትነሳው ፎቶ ባይኖር፣ ትሄድ ነበር?» ዝም አለ። «እሺ፣ ገልብጠን እንየው። የአባትህ ዓይን ዛሬ ቢድን ትሄዳለህ?» አሁንም ዝም። ቆይቶ «እውነቱን ልንገርዎት? ፍሬሽማን ያስፈራኛል። ብወድቅስ?» አለ።

ነፍስ እንዲህ ናት። ለመሄድም ለመቅረትም ያማረ ምክንያት ታዘጋጅልናለች። አንዱ ለስም ይሄድና «ዒልም ፍለጋ ነው» ይላል። ሌላው ፈርቶ ይቀርና «የወላጅ ሐቅ ነው» ይላል። ስለ ኒያ የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ የሚከብደን እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው።

በ505 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማሙ አል-ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ስለ ፈርድ ኪፋያ ጽፈዋል። ፈርድ ኪፋያ ማለት የሚበቃ ሰው ከሠራው ከሌላው ላይ የሚነሳ፣ ሁሉም ከተወው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ ነው። ከዚህ ውስጥ ሕክምናንና ሂሳብን ይጠቅሳሉ፤ እርሻን፣ ሽመናንና ልብስ ስፌትንም ይጨምራሉ። በዘመናቸው ሰው ክብር ወደሚያስገኝ ትምህርት እየተጋፋ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም ማጣታቸውንም ወቅሰዋል።

አስተውሉ፤ ሐኪሙም ልብስ ሰፊውም አንድ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ያስከብረኛል?» ሳይሆን «የቱን ጎዶሎ እኔ ልሞላ እችላለሁ?» ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ያህል ብቻ ነበር። የቀሩት ሁሉ ከዚህ አማና ውጭ ሆኑ ማለት ነው? አይደለም። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ በሐዲስ ተነግሮናል። ቴክኒክና ሙያ የገባ፣ ሱቅ የከፈተ ወንድማችንም ኒያውን ካስተካከለ ትልቅ ሥራ ላይ ነው። በሌላ በኩል አእምሮውም ዕድሉም የተሰጠህ ወንድሜ፣ በፍርሃት ብቻ አትጣለው፤ ስለ ጸጋም እንጠየቃለን።

እህቴ፣ «ሴት ልጅ ይህን ያህል ተምራ ምን ልትሆን?» የሚሉሽ ሰዎች ሚስታቸው ምጥ ሲይዛት ሴት ሐኪም አለች ወይ ብለው እንደሚጠይቁ አትርሺ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን ለሶሐቦች የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩት አድርገው ያስተምሯቸው ነበር። ብዙዎቻችን ግን ሁለት ረከዓ ሰግደን ሕልም እንጠብቃለን። ኢስቲኻራ ሕልም መጠበቅ አይደለም። አስበህ፣ የሚያውቅ ሰው አማክረህ፣ ጉዳዩን ለአላህ ሰጥተህ መራመድ ነው።

በመጨረሻ ልጁን «አባትህስ ምን አሉ?» አልኩት።

«አልጠየቅኳቸውም» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ስለ አባቱ ሲጨነቅ ከርሟል፤ አባቱን ግን አልጠየቀም። «እንግዲያው ዛሬ ከመግሪብ በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥ። ፍርሃትህንም ሳትደብቅ ንገራቸው» አልኩት። ጫማውን አድርጎ ሄደ።

ዛሬም ጁሙዓ ነው፤ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት አለችበት። ለእሱም፣ በዚህ ጊዜ ለመወሰን ለተቸገራችሁ ሁሉም ዱዓ እናድርግ። አላህ ኒያችንን ያጥራልን፣ ኸይር ያለበትን ይምረጥልን፣ በመረጠልንም ልባችንን ያርጋልን። አሚን።