ስም ያልወጣላቸው የባሕር ፍጥረታት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እግዚአብሔር ዓለምን በፈጠረ ጊዜ በአምስተኛው ቀን፥ በዕለተ ኀሙስ፥ ባሕርን በቃሉ አዝዞ ሕያዋን ፍጥረታትን እንዳስገኘ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። አባቶቻችንም የሥነ ፍጥረትን ነገር ሲያስተምሩ የኀሙስን ፍጥረት በሦስት ወገን ከፍለው፥ በልብ የሚሳቡ፥ በእግር የሚሽከረከሩ፥ በክንፍ የሚበሩ ይሏቸዋል። ወገናቸውን በሦስት ቢለዩትም ቍጥራቸውን ግን አልወሰኑም፤ ነቢዩ ዳዊት በ103ኛው መዝሙር፥ በባሕር ውስጥ የሚመላለሰው ታናሹም ታላቁም ፍጥረት ከቍጥር በላይ መሆኑን መስክሯልና።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን መካከል፥ በሩቅ ባሕር የሚኖር የአንድ ዓሣ ወይም የአንድ ትል ስም ለነፍሳችን ምን ይጠቅማታል? የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከቅዱስ መጽሐፍ እንጀምራለን።

እግዚአብሔር የምድርን አራዊትና የሰማይን ወፎች ወደ አዳም አምጥቶ፥ አዳም ስም እንዳወጣላቸው በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ስም ማውጣት የገዢነት ምልክት ብቻ አይደለም፤ አስተውሎ፥ ከሌላው ለይቶ፥ ጠባዩን አውቆ መጥራት ነው እንጂ። በዚያም ስፍራ እንስሳት፥ ወፎችና አራዊት ሲጠቀሱ የባሕር ዓሦች አልተጠቀሱም። ከዚህ ተነሥተን በአባቶች ላይ አዲስ ትርጓሜ ልናወጣ አንደፍርም፤ ነገር ግን ጥልቁ ውኃ የሸሸጋቸውን ፍጥረታት መርምሮ መጥራት ለአዳም ልጆች የቀረ ሥራ መሆኑን ዛሬም በዓይናችን እናያለን። ጠቢቡ ሰሎሞንም ስለ ዛፎችና ስለ አራዊት ብቻ ሳይሆን ስለ ዓሦችም ይናገር እንደ ነበረ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ተመዝግቧል። እንግዲህ ዓሣን መመርመር ለንጉሥ ጥበብ ካላነሰው ለእኛ እንዴት ያንሰናል?

የዚህ ሥራ መስክ እጅግ ሰፊ ሆኖ የሚገኘው በእስያ ሞቃት ባሕሮች ነው። ከፊሊፒንና ከማሌዥያ አንሥቶ በኢንዶኔዥያ አልፎ እስከ ፓፑዋ ኒው ጊኒና እስከ ሰሎሞን ደሴቶች የሚደርሰውን ባሕር ሊቃውንት የኮራል ሦስት ማዕዘን ይሉታል። ኮራል የሚባለው ሲያዩት ድንጋይ የሚመስል፥ ነገር ግን እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ሕያዋን የሚሠሩት የባሕር ቤት ነው። በዓለም ከሚታወቁት ድንጋይ ሠሪ የኮራል ዓይነቶች ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል በዚህ ባሕር ይገኛሉ፤ በዚያም ቤት ቍጥር የሌለው ዓሣ፥ ሸርጣንና ዛጎል ይጠለላል።

አዲስ ፍጥረት ተገኘ የሚባለው በማየት ብቻ አይደለም። ሊቁ ያገኘውን ከዚህ ቀደም ከተጻፈው ሁሉ ጋር ያስተያያል፤ ክንፉንና ቅርፊቱን ይቈጥራል፤ ጥርሱንና አጥንቱን ይለካል፤ በዘመናችንም በሥጋው ውስጥ ያለውን ረቂቅ የዘር ምልክት ይመረምራል። ከዚያ በኋላ ልዩነቱን ጽፎ በሁለት ቃላት ስም ይጠራዋል። ይህ የእንስሳት አሰያየም ሥርዓት የሚቈጠረው ስዊድናዊው ሊኔዎስ በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ከተገኘውም አንዱን በቤተ መዘክር ያስቀምጡታል፤ ወደ ፊት የሚጠራጠር ሁሉ ወደ እርሱ ተመልሶ እንዲያረጋግጥ ምስክር ይሆናልና።

ለዚህ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ አንድ ሰው ያስተምረናል። ጌኦርግ ኤበርሃርድ ሩምፊዎስ የተባለ የጀርመን ተወላጅ በ17ኛው መቶ ዓመት ለሆላንድ የንግድ ማኅበር እያገለገለ በአምቦን ደሴት ተቀመጠ፤ የደሴቲቱንም ዕፅዋትና የባሕሯን ፍጥረት ይጽፍ ጀመር። በ1670 ዓይኑ ታወረ። በ1674 የምድር መናወጥ ሆኖ ሚስቱና ሴት ልጁ ሞቱበት። በ1687 ደግሞ እሳት ተነሥቶ መጻሕፍቱንና ሥዕሎቹን በላበት። እርሱ ግን በረዳቶቹ ዓይን እያየ፥ በረዳቶቹ እጅ እያስጻፈ፥ ሥራውን አልተወም። በ1702 ሞተ፤ ስለ አምቦን ሸርጣኖችና ዛጎሎች የሚናገረው መጽሐፉም በ1705 በአምስተርዳም ታተመ። ሊኔዎስ በኋላ ለባሕር ፍጥረታት ስም ሲያወጣ በዚህ ዕውር ሰው ድካም ተጠቅሟል። ጻድቁን ጦቢትን ቅዱስ ሩፋኤል ባሳወቀው የዓሣ ሐሞት የዓይኑ ብርሃን ተመለሰለት፤ ሩምፊዎስ ግን የሥጋ ዓይኑ ሳይመለስለት ብዙዎች ዓይን ያላቸው ያላስተዋሉትን አሳየ። በሃይማኖት ከእኛ የተለየ ቢሆንም ትዕግሥቱ ያስተምረናል።

ሁለተኛው ምሳሌ በእኛ ዘመን የሆነ ነው። በ1938 በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ሲላካንት የተባለ ዓሣ ተያዘ። ሊቃውንት እስከዚያ ድረስ በድንጋይ ውስጥ የቀረ ምስሉን ብቻ ያውቁ ስለ ነበር፥ ዘሩ ከምድር ጠፍቷል ይሉ ነበር። ከዚያም ወዲህ በአፍሪካ በኩል ባለው ባሕር ብቻ የሚኖር መሰላቸው። በ1997 ግን ማርክ ኤርድማን የተባለ የባሕር ሊቅ ከሚስቱ ጋር በኢንዶኔዥያ፥ በሱላዌሲ ደሴት፥ በማናዶ ከተማ ገበያ ሳለ ያንኑ የሚመስል ዓሣ አዩ፤ ፎቶግራፍ አነሡት እንጂ አልገዙትም። ሊቁም የአገሩን ዓሣ አጥማጆች እየዞረ ጠየቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1998፥ አንድ ዓሣ አጥማጅ በጥልቅ ባሕር መረብ ይዞ አመጣለት። የአፍሪካው ሰማያዊ ሲሆን ይህ ቡናማ ነው፤ የዘሩም ምልክት ተመርምሮ ልዩ ወገን ሆኖ ተገኘ። በ1999 በከተማዪቱ ስም ላቲሜሪያ ሜናዶኤንሲስ ተባለ። የአገሩ አጥማጆች ግን ከዚያ በፊት ራጃ ላውት፥ ማለት የባሕር ንጉሥ፥ ይሉት ነበር።

ምእመናን ሆይ፤ ከዚህ ነገር ሦስት ትምህርት እናገኛለን።

መጀመሪያው ትሕትና ነው። ተገኘ ማለት ተፈጠረ ማለት አይደለም። ጠፍቷል ሲሉት ያልጠፋው ዓሣ፥ ሰው ሳያውቀው ፈጣሪው በየጊዜው ሲመግበው ኖሯል። ሊቁ ያላወቀውንም ድኻው አጥማጅ ያውቀው ነበር፤ ጌታችንም ሐዋርያቱን ከመረብ መካከል እንደ ጠራ አንርሳ።

ሁለተኛው ከውዳሴ ከንቱ መራቅ ነው። ለዚያ ዓሣ በጽሑፍ ስም ያወጡለት ኤርድማን ሳይሆን ሌሎች ሊቃውንት ስለ ነበሩ ክርክር ተነሣ። ሰው ራሱ ባልፈጠረው ፍጥረት ስለ ክብር ሲጣላ ማየት ያሳዝናል። እኛስ ባልዘራነው እርሻ፥ ባልሠራነው ቤተ መቅደስ፥ ስማችን አልተጠራም ብለን ስንት ጊዜ ተቀይመናል?

ሦስተኛው መጠበቅ ነው። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትም ሊጠብቃትም ነበር። ዛሬ ግን በእነዚያ ባሕሮች በፈንጂ የሚያጠምዱ አሉ፤ ፈንጂውም ዓሣውን ከነቤቱ ያፈርሰዋል። የባሕሩም ሙቀት ከልክ ሲያልፍ፥ በ1998ና በ2016 እንደ ታየው፥ ኮራሉ ነጥቶ ይሞታል። ቤቱ ሲፈርስ ገና ስም ያልወጣለት ፍጥረት ሳይታወቅ ሊጠፋ ይችላል። ገንዘብ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማጥፋት ኀጢአት ከሆነ፥ የእግዚአብሔርን ሥራ ሳያዩት ማጥፋት እንዴት ያለ በደል ይሆን?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አንድ ዕውር ሰው የዛጎልን መልክ ለማወቅ ይህን ያህል ከደከመ፥ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ዘወትር የሚቀመጠውን ነዳይ ስሙን እናውቃለንን? ምጽዋት ሰጥተነው እናልፋለን፤ ማን ነህ፥ ከየት መጣህ ብለን ግን አንጠይቀውም። እርሱ የጥልቅ ባሕር ፍጥረት አይደለም፤ በየዕለቱ በፊታችን ያለ፥ በእግዚአብሔር አርኣያ የተፈጠረ ወንድማችን ነው። ካህኑ የንስሓ ልጆቹን፥ ባለ ጠጋውም የጎረቤቱን ልጆች በስማቸው ይጥራ። አዳም የታዘዘው ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

ሲራክ በ43ኛው ምዕራፍ የእግዚአብሔርን ሥራ ከዘረዘረ በኋላ፥ ያየነው ጥቂቱን እንደ ሆነ፥ የተሰወረውም ከዚህ እንደሚበልጥ ተናግሯል። ለዚያ ለተሰወረው ሁሉ ስሙን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።