በአንድ ቤት ሁለት ጭራ

ቅዳሜ ገበያ በሚቆምባት አንዲት የወይና ደጋ መንደር እትዬ ማንጠግቦሽ የሚሏት ባለ ጠጅ ቤት ነበረች። በመንደሯ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ሦስት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የዋርካው ጥላና የማንጠግቦሽ ቤት። በቤተ ክርስቲያን የሚናገሩት ካህናቱ ናቸው፤ በዋርካው ሥር ደግሞ ሽማግሎቹ። የቀረው ሕዝብ አፉን የሚፈታው ማንጠግቦሽ ዘንድ ብርሌ ጨብጦ ነው።

እሷም ማንንም «ተናገር» ወይም «ዝም በል» የምትል ሴት አልነበረችም። «እኔ የምሸጠው ጠጅ ነው፤ ወሬው የጠጪው ነው» ትላለች። እንዲህ ለማለት ያስቻላት ግን የቆየ ውለታ ነው። ቤቷ የቆመበት ቦታና ከጓሮዋ ያለው የጌሾ ማሳ የምሪት መሬት ነው። የመራት የድሮው ጭቃ ሹም «በቤትሽ ለሚወራው አትጠየቂበትም» ብሎ ቃልም ሰጥቷት ነበር። የተመራ መሬት እንደሚነሣ፣ የተሰጠ ቃልም እንደሚታጠፍ ለማንጠግቦሽ አስታዋሽ አያስፈልጋትም።

ማታ ማታ ከምሰሶው ሥር አንድ አዝማሪ ይቀመጥ ነበር። ማሲንቆ እንደምታውቁት አንድ ጅማት ብቻ ናት፤ ከፈረስ ጭራ የተገመደች። በገና አሥር አላት፣ ክራር አምስት ስድስት ትደረድራለች። አዝማሪ ግን ሙሾውንም ቀልዱንም፣ እውነቱንም ውሸቱንም የሚያወጣው በዚያችው በአንዷ ጭራ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ መንደሯን የሆድ በሽታ ገባት። የጊዜው ጭቃ ሹም ክፉ ሰው ነበር አይባልም። ከታችኛው ወንዝ የጠጡት ሲያልቁ አይቶ «ከላይኛው ምንጭ ብቻ ቅዱ» ብሎ አስነገረ፤ ለታመሙት ቤተሰቦችም እህል አስዋጣ። አዝማሪው በዚያ ሰሞን ሦስት ነገር ዘፈነ። አንደኛው፣ ላይኛው ምንጭ የጭቃ ሹሙ ወንድም ማሳ ውስጥ ስለሆነ በሽታ የሚባለው ነገር ለወንድምዬው ኬላ ማስከፈቻ የተፈጠረ ነው የሚል ነበር። ውሸት ነው። ሰው ሳቀ፤ ከሳቁትም ጥቂቶቹ እንስራቸውን ይዘው ወደ ታችኛው ወንዝ ወረዱ፤ ከወረዱት መሃል በሳምንቱ ለቅሶ የተቀመጡ አሉ። ሁለተኛው፣ ጭቃ ሹሙ ቀሚሱን ሰብስቦ ዳገት ሲወጣ እንዴት ቁና ቁና እንደሚተነፍስ ነው። ቀልድ ነው። ሦስተኛው፣ ለበሽተኛ ከተዋጣው እህል ግማሹ ከሹሙ ጎተራ አልወጣም የሚል ነበር። ይህኛው እውነት ነው።

አንድ ማታ ጭቃ ሹሙ ራሱ ብቅ አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። አዝማሪው ለጊዜው ወጣ ብሏል፤ ማሲንቆው ከግድግዳው ተሰቅሏል፣ አጠገቡ ዝንብ መከላከያው ጭራ ተንጠልጥሏል።

«ይቀመጡ እንጂ ጌታዬ፤ ቤት ለእንግዳ» አለች ማንጠግቦሽ መደቡን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ሹሙ ተቀመጠ። የራሱን ጭራ፣ የሹመት ጭራውን፣ ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ። ዝንብ አልነበረም፤ መሽቷል።

«ጌሾሽ ዘንድሮ እንዴት ይዞልሻል?»

«እግዜር ይመስገን፣ ምንም አይል ጌታዬ።»

«የማን ምሪት ነበር እሱ? ዘነጋሁት።»

ነገረችው። እሱም የተቀዳለትን እስከ ግማሽ ጠጣና ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ አየ።

«ማንጠግቦሽ፣ በአንድ ቤት ሁለት ጭራ አልበዛም?»

ይኸው ነው። ብርሌውን አስቀምጦ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ደህና እደሩ ብሎ ሄደ። ከፍሎ መሄዱን ልብ በሉልኝ። በማግስቱ ማንጠግቦሽ አዝማሪውን ደጃፍ ላይ ጠብቃ «ልጄ፣ እስቲ ለጥቂት ቀን ሌላ ቦታ ሞክር» አለችው። ጥቂቱ ቀን ወር ሆነ። ማሲንቆዋ አንድ ጭራ ናትና ውሸቱ፣ ቀልዱና እውነቱ አብረው ወጡ።

አዝማሪው ከወረዳው ዳኛ ፊት ቆመ። ዳኛው ከስምንት ሽማግሎች ጋር ተሰይሞ ነበር።

«አፌን ዘጋብኝ» አለ አዝማሪው።

«ምን ብሎ?»

«በአንድ ቤት ሁለት ጭራ አልበዛም ወይ ብሎ።»

ሸንጎው ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ «ጌቶቼ፣ የራሴን ጭራ ይዤ ገባሁ፤ ከግድግዳው ሌላ የዝንብ ጭራ ተሰቅሏል። ሁለት አልሆነም? ደግሞስ ጠየቅሁ እንጂ አዘዝሁ?» አለ። ማንጠግቦሽም ተጠየቀች። «ቤቱ ቤቴ ነው፤ የምጠራውንም የማልጠራውንም የምመርጠው እኔ ነኝ። ሹሙ ሳይመጡ በፊትም ይህን ሰው አንድ ሁለት ቀን ገሥጬዋለሁ» አለች። ዐይኗ መሬት ላይ ነበር።

«እንግዲህ» አለ ዳኛው፣ «አንተን ያስወጣህ የእሷ ፈቃድ ነው የእሱ ጥያቄ? ሁለቱን የሚያገናኘውን ክር ይዘህ ና።»

ስድስቱ በዚህ ተስማሙ። ሦስቱ አጉረመረሙ፤ ባላገሩ ሁሉ የሰማውን ወርቅ ሸንጎው ብቻ እንዴት ሰሙ ላይ ይቀራል አሉ። አዝማሪው ክር ፍለጋ ሄደ። ከየት ያመጣዋል? ክሩ ያለው ማንጠግቦሽ ሆድ ውስጥ ነው።

በዓመቱ ሹመቱ ተገለበጠ። አዲሱ ጭቃ ሹም ያን ሁሉ ጊዜ «አዝማሪው ተበደለ» እያለ ሲጮህለት የከረመው ሰው ነው። በተሾመ ዕለት «ከእንግዲህ አዝማሪ ዝም ያሰኘ ሹም ወዮለት!» ብሎ አስነገረ። እልል ተባለ። አዝማሪው ወደ ምሰሶው ሥር ተመለሰ፤ ከመጀመሪያው ማታ አንሥቶም አሮጌውን ሹም አበጠረው።

በዚያ ሰሞን አንድ የቆሎ ተማሪ በመንደሩ ያልፍ ነበር። ገና ቅኔ የጀመረ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። ከአዲሱ ሹም ሰዎች አንዱ ሞቶ ለቅሶ ነበርና ልጁ በጠጅ ቤቱ «ሹሙ ከሟቹ ይልቅ አዲስ ስለሚሠራው አዳራሽ ያወራል» ብሎ ቀለደ። አዲሱ ሹም ከፈረሱ እንኳ አልወረደም። በደጃፉ ቆሞ «ማንጠግቦሽ! በቀላሉም ይሆናል፣ በከባዱም ይሆናል» አለና አለፈ። ያኛው ሰም ለማልበስ ተጨንቆ ነበር፤ ይኼኛው ወርቁን ራቁቱን ጥሎት ሄደ።

ማንጠግቦሽ ልጁን በጓሮ በር አስወጣችው። ጠጪው ሁሉ ወደ አዝማሪው ዞረ፤ ምን ይላል ብሎ። አዝማሪው ጭራውን ዕጣን ቀባ፣ ጆሮውን ወደ ማሲንቆው አስጠጋ፣ ቃኘ፤ ስለ አሮጌው ሹም ዳገት አወጣጥ ጀመረ።

*

የአሜሪካንን ክርክር የተከታተለ ሰው ቤቱን ሳያውቀው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮቪድ ሰው ሲፈጅ የፕሬዚዳንት ባይደን ባለሥልጣናት ስለ ክትባቱ የሚነዛው ሐሰት እንዲነሣ ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ዩቲዩብን ይወተውቱ ነበር። በሐምሌ ፕሬዚዳንቱ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያዎቹ ሲጠየቁ «ሰው እየገደሉ ነው» አሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከዋይት ሐውስ ስለ አንቀጽ 230 ተነሣ። የጌሾው ማሳ ይህ ነው፤ ኩባንያዎቹ ተጠቃሚ በጻፈው እንዳይጠየቁ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ከለላ። ሚዙሪና ሉዊዚያና፣ ከአምስት ግለሰቦች ጋር፣ ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ስድስት ለሦስት ተወሰነ፤ ከሳሾቹ የልጥፎቻቸውን መነሣት ከመንግሥት ግፊት ጋር የሚያገናኘውን ክር አላሳዩም፣ ኩባንያዎቹ ከዚያ በፊትም በራሳቸው ያነሡ ነበር ተባለ። ግፊቱ ሕገ ወጥ ነበር አልነበረም የሚለውን ፍርድ ቤቱ አልነካውም። ከሁለት ወር በኋላ የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ፣ ባለሥልጣናቱ ቀልድና ስላቅ ሳይቀር እንዲነሣ ለወራት ተጫኑን፣ ውሳኔው ግን በመጨረሻ የእኛው ነበር አለ። ማንጠግቦሽ ብትጽፍ ከዚህ የተለየ አትጽፍም።

ሹምም አፍ አለው። የጤና ሹም ወጥቶ «ይህ ወሬ ውሸት ነው፣ ከታችኛው ወንዝ አትጠጡ» ማለቱን አፈና የሚሉት ሰዎች እኔን አላሳመኑኝም፤ በሕዝብ ፊት የተናገረው በሕዝብ ፊት ሊመለስለት ይችላል። የሚያስፈራኝ ባለ ጠጅ ቤቷ ብቻ የምትሰማው ንግግር ነው። ይህን አሜሪካኖቹ ራሳቸው ድሮ ያውቁት ነበር። የሮድ አይላንድ ግዛት የወጣቶችን ሥነ ምግባር የሚጠብቅ አንድ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ መቅጣት አይችልም፤ የሚያደርገው «የማይገቡ» መጻሕፍትን ስም ዘርዝሮ ለአከፋፋዮች መላክና ስለ ትብብራቸው አስቀድሞ ማመስገን ብቻ ነው። ደብዳቤው በደረሰ ሰሞን ግን አንድ ፖሊስ መጋዘኑ ድረስ ብቅ ብሎ ምን እንዳደረጉ ይጠይቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ምስጋናውንና ፖሊሱን አብሮ አንብቦ ኮሚሽኑን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጻረር አለው። የ2024ቱ ፍርድ ሊሰጥ አንድ ወር ያህል ሲቀረውም ያው ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ሌላ ወርቅ ፈትቷል፤ የኒው ዮርክ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር እንዲሸሹ ሥልጣኗን ተጠቅማ ገፋፍታለች የሚለው ክስ ይቀጥል ብሏል። እዚያ ክሩ ይታይ ነበር።

በእኛ አገር ይህ ሁሉ ቅኔ አላስፈለገም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔቱ ለሳምንታት ተቋረጠ፤ ጠጅ ቤቱ ራሱ ታሸገ። ቢሆንም ዛሬ በአማርኛ የሚጻፈውና የሚሰደበው፣ ከአዲስ አበባም ይሁን ከቨርጂኒያ ወይም ከሪያድ፣ ያው በእነዚያ የአሜሪካ ኩባንያዎች ቤት ነው። ሹማቸው ሲለወጥ ደንቡ የሚለወጥበት ቤት።

ሹማቸውም ተለወጠ። ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ሥልጣን በያዙበት ቀን «የፌዴራል ሳንሱር አበቃ» የሚል ትዕዛዝ ፈረሙ። በመስከረም የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ብሬንደን ካር ስለ ኮሜዲያኑ ጂሚ ኪመል ሲናገር በቀላሉ ወይም በከባዱ መንገድ ልናደርገው እንችላለን አለ፤ የኪመል ጣቢያ ኤቢሲ በሰዓታት ውስጥ ፕሮግራሙን አቆመ፣ ጩኸቱ ሲበረታ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ መለሰው። በጥቅምት ፍትሕ ሚኒስትሯ ፓም ቦንዲ ጠይቀው አፕል የኢሚግሬሽን ፖሊሶች የት እንደታዩ የሚጠቁመውን አይስብሎክ የተባለ መተግበሪያ ከመደብሩ አነሣ። ለሦስት ዓመት ስለ አፈና ሲጮሁ ከነበሩት አብዛኞቹ ማሲንቋቸውን ቃኙ። ሴናተር ቴድ ክሩዝ ግን፣ ኪመልን እንደማይወድ ሳይደብቅ፣ የካርን አነጋገር ከማፍያ ፊልም የወጣ ነው ብሎ፣ ይህ ልማድ ነገ እኛኑ ይመለስብናል አለ።

ከዚህ ሁሉ እኔ ጋ የቀረችው ግን አንዲት መልስ ናት። ትዕዛዙ ሊፈረም ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን፣ ዙከርበርግ በአሜሪካ እውነታ አጣሪዎቹን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ትራምፕ ከዚያ በፊት በመጽሐፋቸው፣ በምርጫው ቢያጠፋ ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል ብለው ጽፈውበት ነበር። በዚያው ቀን አንድ ጋዜጠኛ፣ ሰውየው ይህን ያደረገው እርስዎ ስላስፈራሩት ይመስልዎታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«ሳይሆን አይቀርም» አሉ።